የእናታችን የእንጨት እግር

ጥቅምት 9

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ፤

“ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን” ብዬ ልጀምር ነበር፤ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ “የናፍቆቱን ነገር አብዝተህ ጻፍልኝ” እያለች አላስጀምር አለችኝ። እንግዲህ አብዝቻለሁ፣ ናፍቃሃለች። ሳጥኑ ደረሰ ወይ ላልከው፣ ደርሷል። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ሾፌር ሐሙስ ጠዋት ሱቁ በር ላይ አውርዶልኛል። የጫማው ቆዳ አልተጨማደደም፣ ቀለሙም አልተፋቀም።

“ምን አለች?” ብለህ ሦስት ቦታ ጠይቀሃል፤ አንዱን እንዲያውም አስምረህበታል። ያለችውን ልንገርህ። ጫማውን አጠለቀች፣ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች፣ ከዚያ “እንደሌለ ነው” አለች። አንድም ቦታ አይቆነጥጠኝም፣ ልጄ ሳያየው እግሬን እንዴት አወቀው አለች። ሻርፗን ጣል አድርጋ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ ልታሳይ ወጣች። ልብስ ሰፊዋን ታውቃታለህ፤ ለሷ የነገሩት ለሰፈሩ ሁሉ ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁለት ደንበኞቼ ወንድምህ የላከውን ጫማ አየን ብለውኛል። አንደኛው ይህን ሲል እግሩ ላይ ያለው እኔ የሰፋሁለት ነው።

ባለፈው ዓመት እኔ የሰፋሁላትን ሰፊ ጫማ ታስታውሳለህ አይደል፣ ጽፌልህ ነበር። “ጀልባው” ነው የምትለው። ቤት ውስጥ ብቻ ነበር የምታደርገው፤ አሁን ደግሞ አልጋ ሥር ገብቷል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ፤ ይኸው ልጡ እየተነከረብኝ አለሁ።

ይሁን። አንተ የአባዬ የእንጨት እግር አለህ። እማዬን ያገባ ሰሞን እግሯን ለክቶ በገዛ እጁ የጠረበው፣ ቆዳ የሚወጠርበት ግራና ቀኝ እንጨት፣ ስትሄድ ማንንም ሳትጠይቅ ሻንጣህ ውስጥ የከተትከው። እኔ ደግሞ እግሯ ራሱ አለኝ። የማን ድርሻ እንደሚበልጥ ስከራከር ኖሬ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ክርክሩ ያለቀ ይመስለኛል። በነገራችን ላይ፣ ባለፈው ዓመት ጀልባውን ስሰፋ እግሯን በወረቀት ላይ በእርሳስ ዞሬ ልኬልህ ነበር። ስለሱ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልጻፍክልኝም።

ልክ ሆነላት ወይ ላልከው፣ እሷ ልክ ነው ብላለች። የስኳሯን ክኒን በሰዓቱ ትውጣለች፣ እጄ ላይ አድርጌ ነው የምሰጣት። ዓይኗ ያው እንደደከመ ነው። ደብዳቤህንም እኔው አነበብኩላት፣ አራቱንም ገጽ። ስለ ጫማው አጠባበቅ የጻፍከውን ብቻ የሙያ ጉዳይ ነው፣ ለኔ ነው ብዬ ዘለልኩት።

ወንድምህ ወስፌ
(ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ እኔ አልከፋኝም)

እንደ ሁልጊዜው ከታች ያለው የእማዬ እጅ ነው። ፊደሉ ከመስመር ቢወጣም አትሳቅባት።

*ልጄ ጫማው እንደሌለ ነው። እደግልኝ። እናትህ።*


ኅዳር 3

ለወስፌ፤

ደብዳቤህ ደርሶኝ በደንብ ተወግቻለሁ። ስሙን በከንቱ አላወጣሁልህም።

የምሠራበት ቤት ምን ይመስላል ብለህ በወዲያኛው ደብዳቤ ጠይቀኸኝ ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ ሠላሳ ሰው በማሽን ይሰፋል፤ ጫጫታው አጥንት ውስጥ ይገባል። እኛ አራታችን ፎቅ ላይ ነን፣ ትልቁ መስኮት ሥር፣ በእጃችን የምንሠራው። ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ ነው፤ የደንበኞች የእንጨት እግር በየስማቸው ተደርድሯል። የእማዬን ከነሱ መሃል አስቀምጬዋለሁ። የክፍሉ አለቃ አንድ ቀን አንስቶ አገላበጠውና ይህን ማን ጠረበው አለኝ። አባቴ አልኩት። ሰውዬው ለማንም ቃል የማይወጣው ሰው ነው፤ እንጨቱን በአውራ ጣቱ እያሻሸ ብዙ ቆየና ወደ ቦታው መለሰው። ሌሎቹ ሦስቱ ሲያዩኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

“እንደሌለ ነው” ያለችውን በወረቀት ጽፌ ከመቀመጫዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። አባዬ እንኳ ይህን ተብሎ አያውቅም። ለሱ የምትለው “ትንሽ ቆይቶ ይለምዳል” ነበር፣ ትዝ ይልሃል?

ግን እንዳትሳሳት፣ እኔም አንጀቴ የሚያርርበት ነገር አለ። አንተ በየማለዳው እንዴት አደርሽ ትላታለህ። ሳሏን ታውቃለህ፣ በሩን ስትከፍት የምታጉረመርመውን ታውቃለህ። እኔ ድምጿን የምሰማው አንተ ስትጽፈው ነው፤ እሱም ወስፌ ወስፌ እየሸተተ ይመጣል። ሰው አንድ ጫማ ተመስግኖበት ይህ ሁሉ ቁጣ ምንድን ነው? አንተ ያለህን እኔ ብለምን አላገኘውም።

ጀልባውን ለምን አልጋ ሥር ከተተችው ብለህ ከሆነ የምታዝነው፣ ንገረኝ ካልክ እነግርሃለሁ፤ አይተህ ሳይሆን ፈርተህ ነው የሰፋኸው። የፈራ ሰው ጫማውን ከልኩ በላይ ሰፊ ያደርገዋል። ስለ ወረቀቱ ያነሳኸውን በሌላ ጊዜ እንጫወታለን።

አንዱን ጥያቄዬን ግን አልመለስክልኝም። በመጀመሪያው ሳምንት በየማታው አስወልቀህ ትንሿ ጣቷ ጋ ቀልቶ እንደሆነ እይ፣ አዲስ ቆዳ አይታመንም ብዬህ ነበር። አየህ ወይ? በዚያው እንጨት ሁለተኛ ጥንድ ጀምሬአለሁ፣ ጥቁር።

ጋሼህ


ኅዳር 27

ይድረስ ለጋሼ፤

በመዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር ብልህ ውሸት አይሆንም፣ ሙሉ እውነት ግን አይደለም።

እማዬ ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። ከታች ለምን አልጻፈችልኝም እንዳትለኝ፣ ደክሟት ተኝታለች። በሚቀጥለው ትጽፍልሃለች።

ሁለተኛውን ጥንድ ለጊዜው አቆየው። ቆዳው ከተቆረጠ ይቆረጥ፣ ግን አትወጥረው። ምክንያቱን አትጠይቀኝ፣ ስመለስበት እነግርሃለሁ። አየህ ወይ ላልከው፣ አይቻለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሃለች።

ወስፌ


ታኅሣሥ 10

ለወንድሜ፤

ሰላምታውን ላሳጥረው። ሾፌሩን ትናንት አገኘሁት። ደብዳቤህን ሊቀበል ቤት መጥቶ እማዬን አይቷታል፤ ጫማዬን አላደረገችም። ግራ እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ወንበር ላይ ተሰቅሎ ነበር አለኝ። የት ነው ጫማው ብሎ ሲጠይቅህ “ተቀምጧል” ብለኸዋል።

ተቀምጧል? የት? ማን አስቀመጠው?

እኔ የማስበውን ልንገርህ፤ ቅር ቢልህም ይበልህ። ቅናት ነው። ልብስ ሰፊዋ ጋ የሄደችበትን መንገድ አልቻልከውም። አንድ ቀን እግሯ ወለም ሲላት “በጫማው ነው” ብለህ ወስደህ ደበቅከው። ዛሬ የጀመረህ አይደለም። ሰባት ዓመትህ ላይ አባዬ ለኔ የሰፋልኝን ጫማ ውኃ ውስጥ ነክረህ ፀሐይ ላይ አድርቀኸው ነበር፣ እንዲጠበኝ። ጠበበኝም፤ እኔ ግን አልተናገርኩም፣ አንድ ክረምት ሙሉ እያነከስኩ አደረግኩት። ያልተናገርኩት እንዳትገረፍ ነው። ይህን እስከ ዛሬ አላወቅክም ነበር አይደል?

አሁን ግን የምትጫወተው በሷ እግር ነው። ምን ሆናለች? በግልጽ ጻፍ። ሾፌሩ ሲመለስ መልስህን ይዞ ካልመጣ ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ።

ጋሼህ


ታኅሣሥ 19

ይድረስ ለጋሼ፤

አትምጣ አልልህም። መጀመሪያ ግን ይህን አንብብ፣ ከዚያ የፈለግከውን አድርግ።

ቅናት ነው ወይ ላልከው፣ አዎ። ግን አንተ እንዳሰብከው አይደለም፣ የባሰ ነው። ጫማውን አልደበቅኩም። አስቀድሞ መደበቅ ነበረብኝ።

ጫማው የደረሰ ሐሙስ ዕለት ከአልጋ እስከ መስኮት ስትሄድ እያየሁ ነበር። በግራው ጫማ፣ ትንሿ ጣት ጋ፣ ቆዳው ተወጥሮ አብለጨለጨ። ጫማ ሰፊ ነኝ፤ ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልገኝም። አውራ ጣቴን ልጫን እጄን ዘረጋሁ። በዚያው ሰዓት “እንደሌለ ነው” አለች፣ “ሳያየው እግሬን እንዴት አወቀው” አለች። እጄን መለስኩ። ይቆንጥጣት አልኩ በሆዴ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፤ ሲብስባት ራሷ አውልቃ ወደ ጀልባዬ ትመለሳለች፣ ያኔ እኔ ምንም ሳልናገር የማን ጫማ ጫማ እንደሆነ ይታያል አልኩ። ያሰብኩት ይህን ነው፣ ጋሼ። ከዚህ አሳንሼ ልጽፍልህ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

በየማታው እጠይቃት ነበር፣ አይቆነጥጥሽም ወይ እያልኩ። ለሷ አስቤ እንዳይመስልህ። አዎ እንድትል ነው። አይ ትለኛለች፣ ሳቅ እያለች። እያንዳንዷ “አይ” ያንተ ምስጋና ነበረችና ዓይኔ ደም ይለብሳል። አውልቂውና ልየው ማለት ስንት ቃል ነው? ባየው ደግሞ ምን ልል ነው፣ ወንድሜ ያበላሸውን አየሁ? ቀናተኛ እንዳልባል ብዬ ከቅናትም የከፋውን አደረግኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ካልሲዋን ላጥብ ብዬ ሳወልቅላት ከጣቷ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። ደርቆ ነበር፣ ደም። እሷ ወደ መስኮቱ እያየች ስለ ልብስ ሰፊዋ ታወራኛለች። ካልሲውን በለብ ያለ ውኃ አርሼ ሳላቅቀው እንኳ ወሬዋን አላቋረጠችም።

ወዲያው ሐኪም ቤት ለምን አልወሰድካትም ትለኝ ይሆናል። አልወሰድኳትም። ቁስሉን አጥቤ አሸግኩት፣ ይድናል ብዬ፣ አንተም ሳትሰማ። ያችን አጭር ደብዳቤ የጻፍኩልህ ያኔ ነው። አልዳነም፤ ጠቆረ። ልብስ ሰፊዋ ናት ሽታው አስደንግጧት በግድ ይዛን የሄደችው።

ያየቻት ነርስ ምን አለች ትለኝ ይሆናል፤ ሁሉም በስሟ ሳይሆን ሲስተር ነው የሚሏት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። እማዬን ዓይኗን አስጨፈነቻትና አንዲት ቀጭን ክር አወጣች። የናይለን ክር ናት፣ እኛ ገበር የምንሰፋበት ዓይነት። ስነካሽ “አሁን” በይ አለቻት። የእግሯን መዳፍ ነካች፤ እማዬ ዝም። አውራ ጣቷን ነካች፤ ዝም። ከዚያ ምንም ሳትነካት እጇን ወደ ኋላ ስታደርግ እማዬ “አሁን” አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ “አሁን” አለች። ጎበዝ ተማሪ ለመሆን ብላ፣ ጋሼ። ሲስተር ወደኔ አየች፤ እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሲስተር የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልህ። ልቧ ደሙን በትልልቁ የደም ሥር ይልካል፣ እሱ ደህና ነው፤ እግሯ ጀርባ ላይ ጣት ቢያደርጉ ሲመታ ይሰማል። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። ደም ሥራውን የሚሠራው ከፀጉር በቀጠኑት ስሮች ውስጥ ነው አለችኝ። ምግቡንና አየሩን የሚያወርደው፣ ቆሻሻውን የሚጭነው እዚያ ነው። ስኳር ለዓመታት ሲበዛ የነዚያን ግድግዳ ያደነድነዋል፣ ያጠበዋል። ትልቁ መንገድ ክፍት ሆኖ ሰፈር ውስጥ የሚገባው ቀጭን መንገድ ሁሉ ሲዘጋ እንደማለት ነው። ነርቭም የሚበላው ከነዚያ ነው፤ ሲርበው መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ቁስልም ቢወጣ የሚጠግነው ደም አይደርስለትም። ዓይኗም የደከመው በዚያው በሽታ ነው አለችኝ፣ ዓይን ውስጥም ያሉት እነዚያው ቀጫጭን ስሮች ናቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሌሊት ሌሊት እግሬ ይነዳል ትል እንደነበር ጽፌልህ ነበር። ከዚያ በራሱ ተዋት። ዳነልኝ ብላ ደስ አላት፣ እኔም ደስ አለኝ። ለካ እግሯ ያን ጊዜ ነው ዝም ያለው። ያንተን ጫማ “እንደሌለ ነው” ስትል እውነቷን ነበር። የኔም እንደሌለ ነበር። ወለሉም እንደሌለ ነበር።

ለሁለት ወር ሆዴን ያሳረረኝ ምስጋና የበሽታዋ ምልክት ነበር፣ ጋሼ። በሱ ነው የቀናሁብህ።

ትንሿን ጣት ቆርጠው አንስተውላታል፣ የግራ እግሯን። ሐኪሙ ቁስሉ እስኪገጥም ሦስት አራት ሳምንት እንጠብቃለን አለኝ። ካልገጠመ ግን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነው የሚቆርጡት። እሷ ይህን አልሰማችም፣ አንተ ግን ስማ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው። ውኃ ውስጥ ነክሬ ያደረቅኩትን ጫማ አውቅ ነበር፤ አንተ ማወቅህን ነው ያላወቅኩት።

ከፈለግክ ስሜን ወስፌ ብለህ አትጥራኝ። ወስፌ እንኳ ሲወጋ ሰው ይሰማዋል።

ወንድምህ


ጥር 5

ለወስፌ፤

ስሙን አልለውጥም። ሌላ ስም ላንተ አይመጣልኝም።

ደብዳቤህን መስኮቱ ሥር ቆሜ አነበብኩት። አለቃው ምን ሆነህ ነው አለኝ፣ ዓይኔን አመመኝ አልኩት። ተናድጄ አምስት ገጽ ጻፍኩልህና ልልከው ነበር። የሰደብኩህን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፣ አብዛኛውን አንተው ራስህ ጽፈኸዋል። ያልላክኩት ግን ላንተ አዝኜ አይደለም። መሳቢያዬን ከፍቼ ወረቀቱን ስላየሁት ነው።

ወረቀቱን በሌላ ጊዜ እንጫወታለን ብዬህ ነበር፣ ጊዜው ይህ ነው። ባለፈው ዓመት ሲደርሰኝ የአባዬን እንጨት አነሳሁና ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። የእርሳሱ መስመር ከእንጨቱ ወጣ፤ በትንሿ ጣት በኩል አንድ ጣት ሙሉ ወጣ። እንጨቱ የሃያ ዓመት ሙሽራ እግር ነው፣ ወስፌ። እሷ አሁን ስድሳ አምስት ዓመቷ ነው። ይህን ለማወቅ ጫማ ሰፊ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን ምን አልኩ? ይህ ልጅ እርሳስ መያዝ አይችልም፣ አጋድሞ ዞሮታል አልኩ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ካንተ ወረቀት ለክቼ ብሰፋ፣ እግሯን የሚያውቀው አንተ ነህ ማለት ነው። እኔ ያለኝ እንጨት ብቻ ነበር። እሱም ልክ አይደለም ከተባለ እኔ ለሷ ምኗ ነኝ?

ስለዚህ አንተ ሐሙስ ዕለት ያየኸውን እኔ አንድ ዓመት አስቀድሜ አይቼዋለሁ። በየማታው አስወልቀህ እይ ብዬ የጻፍኩልህ ለምን ይመስልሃል? የሚጠብ ጫማ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ማየቱን ላንተ ትቼ ምስጋናውን ለራሴ አስቀረሁ። “እንደሌለ ነው” የሚለውን ወረቀት ከግድግዳው ላይ አንስቻለሁ።

ሾፌሩ ይህን ደብዳቤ ከአንድ ጥቅል ጋር ይሰጥሃል። የእንጨት እግሮቹ ናቸው። አለቃው ሳወርዳቸው አየኝና ወዴት ናቸው አለኝ፤ ወደ እግራቸው አልኩት። ጥቁሩን ቆዳ ሳልወጥረው ከወረቀቱ ጋር ጠቅልዬ አብሬ አድርጌዋለሁ። አንተ ስፋው። በስሜ ሳይሆን በስምህ።

ሁለት ነገር ብቻ መልስልኝ። ቁስሉ ገጠመ ወይ? ጠይቃኛለች ወይ?

ጋሼህ


የካቲት 2

ይድረስ ለጋሼ፤

ገጥሟል። ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በፊት ጨርቁን ፈትቶ አየና እግሯ አይቆረጥም አለ። የቀሩትን ጣቶች አንድ ባንድ ጥፍራቸውን እየተጫነ ለቀቀ፤ ነጣ ያለው ጥፍር ቀስ ብሎ እንደገና ቀላ። ሰነፍ ነው ግን ይመጣል አለኝ ስለ ደሟ። ስኳሯን ከጠበቅን፣ በየቀኑ በእግሯ እንድትንቀሳቀስ ካደረግን፣ እግሯን በየማታው ካየን ያለውን ማቆየት ይቻላል። የሞተው ስሜት ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ አለ።

ጠይቃኛለች ወይ ላልከው፣ ጥቅሉን ስፈታ አጠገቤ ነበረች። እንጨቶቹን አቅፋ ብዙ ቆየች። አባዬ ሲለካት ጣቶቿን እየኮረኮረ ያስቃት እንደነበር አጫወተችኝ፣ የተሰማኝን ያህል ነው የጠረበው ብላ ሳቀች። ከዚያ ደብዳቤህን አንብብልኝ አለች። ምንም ሳልዘል አነበብኩላት፣ ያንተንም የኔንም ጥፋት። ሰምታ ስትጨርስ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ፣ እኔ የምለውን ሳታስተካክል ጻፍ አለችኝ። ይኸው፦

*“የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ የኔ ግን አንድ ቀለም ነው፣ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ሞኞች ናችሁ። እግሬ ዝም ካለ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ እኔ አውቅ ነበር። ወለሉ ይቀዝቅዝ ይሙቅ አላውቅም ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ትንሹ ሱቁን ዘግቶ ሲጠብቀኝ እንዳይውል፣ ትልቁ ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ ብዬ። ጫማ ሰፍታችሁ ምን ተሰማሽ ትሉኛላችሁ። የትኛውም አልተሰማኝም። ለአንዳችሁ ጥሩ ነው ማለት ነበረብኝ። ትንሹ አጠገቤ ነው፣ እጄን ይዞ ያሻግረኛል፣ ክኒኔን ይሰጠኛል፣ እኔም እዘፍንለታለሁ እቆጣዋለሁ። ለሩቁ ግን ከቃሌ በቀር የምሰጠው ምን ነበረኝ? ስለዚህ ቃሌን ለሱ ሰጠሁት። ትንሹ ይችለዋል ብዬ ነው። አልቻለውም። ጥፋቱ የኔም ነው፣ ሦስታችንም በአንዲት ጣት እንታረቅ።”*

ሳላስተካክል ጻፍኩት። ስጽፍ ሁለት ጊዜ ቆምኩ፤ እሷ ቀለሙ አለቀ ወይ አለችኝ፣ አዎ አልኳት።

እንጨቶቹን ምን አደረግካቸው እንደምትለኝ አውቃለሁ። ጎናቸው ላይ ቆዳ በቆዳ ላይ እየለጠፍኩ፣ እየሞረድኩ፣ ያንተ መሳቢያ ውስጥ የነበረው ወረቀት ድረስ አስፍቻቸዋለሁ። የግራውን ትንሽ ጣት ግን አልነካሁም። መሮውን አንስቼ ነበር፣ አባዬ የጠረበውን መቁረጥ አልሆንልህ አለኝ። ለአምስት ጣት ሰፋሁትና ባዶውን ቦታ በለስላሳ ጥጥ ሞላሁት፤ ሲስተርም ሌሎቹ ጣቶች ወደዚያ እንዳይንሸራተቱ እንዲህ ነው የሚሻለው ብላኛለች። ጥቁሩ ቆዳ አምሮባታል። ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄዳ ምን እንዳለች ታውቃለህ? “የልጆቼ ጫማ” ነው ያለችው። ሲነግሩኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ልጆቼ በመባሉ ትንሽ ቅር አለኝ። አሁን አልፏል።

አሁን በየማታው እራት ሳይቀርብ እግሯ ሥር እቀመጣለሁ። የእግሯን መዳፍ፣ የጣቶቿን መሃል አያለሁ፤ ከዚያ ዓይኗን አስጨፍኜ በናይለን ክር እነካታለሁ። እንደ ፊቱ እኔን ለማስደሰት ብላ ሳልነካት “አሁን” ትላለች። እኔም እሺ እላታለሁ፣ የማምነው ግን ዓይኔን ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። የዛሬ ሳምንት ተረከዟን ነካሁ፣ በስተ ውስጥ በኩል፣ አንዲት ሳንቲም በምታህል ቦታ። “አሁን” አለች። አላመንኩም። ሌላ ቦታ ነካሁ፣ ዝም አለች። ወደዚያው ተመለስኩ፤ “አሁን፣ እዚያው ነው” አለች። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስቱንም ጊዜ አወቀች። ሲስተር አዲስ የመጣ ነገር አይደለም፣ ሳይሞት የቀረ ነው፣ ጠብቁት አለች።

ከሲስተር በቀር ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። በዓለም ላይ የኔን እጅ የምታውቅበት አንድ ቦታ አላት፣ እሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ለብቻዬ ይዤው ዞርኩ። ሾፌሩ ትናንት መጥቶ ደብዳቤውን ሳልሰጠው መለስኩት፣ በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ሊነሳ ሲል ሮጬ አስቆምኩት፤ በሩ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይህችን እስክጨምር እየጠበቀኝ ነው።

ግራው ተረከዝ ነው፣ በስተ ውስጥ በኩል። ስትመጣ ቀድመህ አንተ ንካት።

ወስፌ

*ልጄ እግሬ አለ። ና። እናትህ።*